የእናት ወገን ዳፍንት

«አፍንጫዬን ብቻ እያየህ፣ ጣቴ ሲታይህ ንገረኝ» አለችው ዶክተር ጽናት።

ሙንዚር አፍጥጦ ጠበቀ። ምንም የለም። ድንገት ጣቷ አፍንጫዋ አጠገብ ብቅ ሲል ደነገጠ።

«አሁን አየሁት።»

«ከጆሮህ አቅጣጫ ጀምሬ እኮ ነው ያመጣሁት።»

ሙንዚር ኮምቦልቻ ውስጥ ባጃጅ ነጂ ነው። ባለፈው ሳምንት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መንገድ ዳር የቆመ ጋሪ ገጭቶ ተሳፋሪዋ ግንባሯን ተፈንክታለች። እናቱ ወይዘሮ ሰዒዳ ደሴ ድረስ ይዘውት የመጡት ለዚህ ነው። ዳፍንት ነው ብለው ጉበት ቢያበሉት፣ ካሮት ቢያስመጡለት ጠብ ያለ ነገር አልነበረም።

ዶክተሯ የዓይኑን ውስጥ በመሣሪያዋ ደጋግማ ካየች በኋላ ወንበሯን ወደ ሁለቱም አዞረች።

«ዓይናችን ውስጥ ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን አለ፤ ሬቲና ይባላል። ያንተ ከዳር ወደ መሃል እየሞተ ነው። የምግብ ጉድለት ያመጣው አይደለም፤ በዘር የሚወረስ ነው። ከቤተሰብ ዓይኑን የታመመ አለ?»

«የለም» አለ ሙንዚር።

ወይዘሮ ሰዒዳ ሻርፓቸውን አስተካከሉ። «ወንድሜ ጁነይድ አለ፤ ኩታበር። እሱን ግን ወንዝ ወርዶ ጅኒ መትቶት ነው።»

«ሲጀምረው የሚቸገረው ሲመሽ ነበር?»

«ለመግሪብ ሰላት እጁን ይዘን ነበር መስጊድ የምናደርሰው» አሉ ቀስ ብለው። «በኋላ ቀኑም ጨለመበት።»

ዶክተሯ ይህ ዓይነቱ በሽታ በእናት በኩል ወደ ወንድ ልጆች ሊተላለፍ እንደሚችል፣ እናት ግን ራሷ ሳትታመም ልትኖር እንደምትችል አስረዳቻቸው። «የማንም ጥፋት አይደለም፣ እናቴ» አለች። ወደ ሙንዚር ዞራም ቀጠለች። «የጠፋውን የሚመልስ መድኃኒት ዛሬ እጄ ላይ የለም። ለአንዳንዱ ዓይነት ውጭ አገር ሕክምና ተገኝቷል፤ ለሌላው እየተሞከረ ነው። ደምህ ተመርምሮ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ካላወቅን ግን፣ መድኃኒቱ ቢመጣም ላንተ ይሁን አይሁን አናውቅም።»

«ደሜን ይውሰዱ» አለ ሙንዚር። «ባጃጁስ?»

«ከዛሬ ጀምሮ አትነዳም። በቀንም ቢሆን። እህት አለችህ?»

«ፈትሂያ። ወንድ ልጅ አላት።»

«ይዛው ትምጣ፤ እሷም ሳታውቀው አስተላልፋለት ሊሆን ይችላል።»

ወደ ኮምቦልቻ የሚመልሳቸው ሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሲወርድ እናቱ ወደ ጆሮው ተጠጉ።

«ለፈትሂያ እንዳትነግራት። ባሏ ቢሰማ ከእናንተ ደም የመጣ ነው ብሎ ይፈታታል።»

«ባይሰማ ልጁ ይድናል?»

«ልጁ ምንም አልሆነ። ደህና ይጫወታል።»

«እኔም ደህና እጫወት ነበር እማ። ሲመሽ ስደናቀፍ ግን ደንባራ እየተባልኩ ነው ያደግኩት። እሱ እንዲያ አይባልም።»

ወይዘሮ ሰዒዳ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ኮምቦልቻ መናኸሪያ ሲደርሱ ፀሐይዋ አልጠለቀችም። ጠዋት ካቆማት ባጃጅ አጠገብ ሁለት ሴቶች ዕቃቸውን አስቀምጠው ባለቤቱን ይጠባበቃሉ።

«ቅርብ ነው፤ አድርሰን» አለችው አንደኛዋ።

አስፋልቱ ወለል ብሎ ይታየዋል። መንገዱን ዓይኑን ጨፍኖም ያውቀዋል። ቁልፉን በጣቶቹ መሃል አገላበጠ። ከዚያ ያቺ ግንባሯን የተፈነከተችው ሴት ትዝ አለችው።

«ይቅርታ፣ ሌላ ያዙ» አላቸው። መንጃ ፈቃድ እያለው ባጃጅ አጥቶ መናኸሪያው ውስጥ የሚውለውን ጓደኛውን ሙሄዲንን ጠርቶም ቁልፉን ሰጠው።

«ከዛሬ ጀምሮ አንተ ትነዳታለህ። ዓይኔ ለሰው ነፍስ የሚታመን አልሆነም።»

ሙሄዲን ቁልፉን ጨበጠ። «አብሽር፣ አይዞህ» አለው። «ወዴት ልንዳ?»

ሙንዚር ጎንበስ ብሎ ከኋላ ተቀመጠ። «ፈትሂያ ቤት።»

እናቱ ከውጭ ቆመዋል። «ሙንዚር፣ ተው ብዬሃለሁ።»

«ነገ ጠዋት እሷና ልጁ ዶክተሯ ዘንድ ናቸው እማ። አብሬያቸው እሄዳለሁ።»

ሞተሩ ተነሳ። ወይዘሮ ሰዒዳ የባጃጁን ብረት ይዘው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ጠጋ በል» አሉት።