በግ የጠየቀው ሰው

በ2014 ጥር ወር መግቢያ ላይ፣ ከመርሳ በላይ ባለችው ቀበሌ የሚኖረው ሲራጅ ስድስት በጎች ብቻ ቀርተውት ነበር። በሬዎቹ ጦርነቱ በሀብሩ ወረዳ ባለፈበት ሰሞን ሄደዋል። እሱና ሚስቱ ሀስና ክረምት ድረስ ልጆቻቸውን የሚያበሉበት ሌላ ነገር የላቸውም። እነዚያኑ በጎች ደግሞ እከክ ገባባቸው።

ሀስና መድኃኒቱን ከየትም ከየትም ብላ አግኝታለች፤ ድኝ ነው፣ በዘይት ተለውሶ ቆዳ ላይ የሚቀባ። ግን ቆዳው የት አለ? ከደጋ የመጡ ባለሱፍ በጎች ናቸው፤ ሱፉ ሳይሸለት ከርሞ፣ ከጭቃና ከእሾህ ጋር ተላቁጦ እንደ ዝተት ሆኗል። እንዲያው ቢቀባ መድኃኒቱ ሱፉን ነው የሚያክመው።

ሲራጅ መሸለቻ መቀስ አለው፤ ለዚያውም ደህና። ከዓመታት በፊት ከአንድ ሥልጠና ይዞት የመጣ፣ ሁለት ሰፋፊ ስለት በአንድ ጎባጣ ብረት የተያያዘበት፣ ሲጨብጡት የሚገጥም፣ ሲለቁት የሚከፈት። አውሰኝ ላለው ጎረቤት ሁሉ "ደንዟል" እያለ ስንት ዓመት ኖሯል። ያፉን አገኘና መቀሱ አሁን እውነትም ደነዘ።

በምላጭ ሞከረ፤ ቆዳ ተቀደደ። በሀስና የልብስ መቀስ ሞከረ፤ ሁለት ጣት እንኳ ሳይሄድ ሱፉ ውስጥ ተቀረቀረ። መርሳ ወርዶ ፀጉር አስተካካዩን ኢስሐቅን በቶንዶሱ እንዲያግዘው ለመነ። ኢስሐቅም መብራት ከጠፋ ስንት ወሩ እንደሆነ አስታውሶት፣ ቢመጣም እንኳ ሰው በሚቀመጥበት ወንበር በግ እንደማያስቀምጥ ነገረው። መላው ሲጠፋው ሲራጅ ወንዝ ወርዶ መቀሱን እንደ ማጭድ ድንጋይ ላይ ከውስጥም ከውጭም ሳለው። ስለቱ አበራ፤ ሱፉን ግን አልቆርጥም አለ። በማግስቱ አንዷ በግ ሞተች።

በአካባቢው የመቀስ ነገር የሚገባቸው ሰው ጋሽ ሓድጉ ናቸው። የትግራይ ተወላጅ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት መርሳ ላይ ቢላና መቀስ ሲስሉ ኖረዋል። ሲራጅ ሲያገባ የሠርጉን ቢላ ሁሉ የሳሉለት እሳቸው ነበሩ። ከተማዋን ይዞ የቆየው ጦር ከወጣ በኋላ ግን ከመሰሎቻቸው ጋር ተይዘው ከመንገዱ ዳር ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። ሲራጅ በገበያ ቀን በዚያ በር ሁለት ጊዜ አልፏል። ሁለቱንም ጊዜ ከመንገዱ ማዶ ያለው አጥር ድንገት በጣም የሚያስደንቅ ሆኖበት ፊቱን ወደዚያ አዙሮ ነበር።

አሁን መቀሱን በፎጣ ጠቅልሎ ወደዚያው በር ሄደ። ጠባቂው ሞገስ የሚያውቀው ሚሊሻ ነው። ፎጣውን ፈቶ ስለቱን አየ፤ ቀጥሎ ሲራጅን አየ።

"ይኸን ይዘህ ነው እስረኛ ልትጠይቅ የመጣኸው?"

ሲራጅ ስለ እከኩ፣ ስለ ሞተችው፣ ስለ ቀሩት አምስቱ፣ ከአምስቱም አንዷ ልትወልድ ስለ መድረሷ ተናገረ። ጋሽ ሓድጉ እዚያው በር ላይ፣ ሞገስ ፊት ሆነው ለአንድ ሰዓት ብቻ ቢያዩለት ብሎ ለመነ።

"ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰው አልጠየቃቸውም" አለ ሞገስ። "አሁን በግ ጠየቃቸው።"

ሲራጅ መሬት መሬት አየ። ሞገስ ስለት ወደ ውስጥ እንደማይገባ፣ ሽማግሌው ላይ የተገኘ ነገር ግን እንደሌለና ያገር ሰው ዋስ ከሆናቸው ዛሬውኑ እንደሚወጡ ነገረው። "ከጠፉ አንተ ትገባለህ፤ ይኸንንም እወቅ።"

ሲራጅ ሳይፈርም ሽማግሌውን ለአንድ ቀን ብቻ ይሰጡት እንደሆነ ጠየቀ። ሰው እንደ መቀስ የሚዋሱት መስሎት ነው። ሞገስ የዋስትናውን ወረቀት ዘረጋለት። የሰፈሩ ሰው ምን ይለኛል አለ ሲራጅ በልቡ፤ ብታሰርስ ሀስና ብቻዋን ምን ትሆናለች አለ። ቀጥሎ ያቺ እርጉዝ በግ ግድግዳውን ስትታከክ የምታሰማው ድምፅ መጣበት። ፈረመ።

ጋሽ ሓድጉ ወጡ። ከስተዋል፤ ጺማቸው ጉንጫቸውን ውጦታል። ሲራጅ ሰላምታውን ከየት እንደሚጀምር ጠፋውና መቀሱን ዘረጋላቸው። እሳቸውም ስለቱን ወደ ብርሃን ገልብጠው አዩ።

"ማነው የሳላት?"

ያን ሰሞን የተበላሸ ነገር ሁሉ በወታደር ይሳበብ ነበር። ሲራጅም ያንኑ ሊል አፉን ከፍቶ ነበር፤ ግን "እኔ ነኝ፣ ጋሼ" አለ።

"የውስጥ ፊቷ አይነካም፣ አንተ። ማጭድ ብቻውን ይቆርጣል። እነዚህ ሁለቱ ካልተገጣጠሙ ግን ሱፉ መሃላቸው ይተኛል እንጂ አይቆረጥም።"

ወደ ሱቃቸው ሲሄዱ ተሰብሮ አገኙት። ሞረዶቹ የሉም፣ መሳያ ሞተሩ የለም፤ ያለው የመስኮት መስታወት ስባሪ ብቻ ነው። ጋሽ ሓድጉ ቆመው አዩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ትልቁን ስባሪ መረጡ። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አጋድመው ደቃቅ አሸዋ ከጎረቤት በተለመነ ዘይት ለውሰው ቀቡትና፣ ድንጋዩ ያጎረበጠው እንዲደለደል፣ የስለቱን ውስጥ በላዩ አስተኝተው ይፈትጉ ጀመር። ሲራጅ ፀሐይዋን ያያል። የዙሁር ሶላት ሰዓት አለፈ። ቶሎ ይበሉልኝ የሚለው ቃል ከንፈሩ ድረስ እየመጣ ይመለሳል፤ ሦስት ሳምንት የዘገየ ሰው ማንን ያፋጥናል? አሱር ሲቃረብ ጋሽ ሓድጉ የውጭውን ጠርዝ ነካክተው መቀሱን ወደ ገዛ ጺማቸው አመጡ። ክርች አለ። አንድ ጭብጥ ጺም ስባሪው ላይ ወደቀ።

ሸልቶ ሲጨርስ የመቀሷን እርጥበት አድርቆ ዘይት እንዲቀባት፣ ድንጋይም ዳግመኛ እንዳያሳያት አዘዙት። ሲራጅ የሱ እጅ ቆዳ እንደሚቀድድ ነግሮ አብረውት እንዲሄዱ ለመናቸው። ጋሽ ሓድጉ ወደ መንገዱ አዩና በየት በኩል እንደሆነ ጠየቁ። በዚያው በር በኩል ነው። ሲራጅ በበሩ ወገን ሆኖ ጎን ለጎን ሄዱ። ሰው እየቆመ አያቸው። ሲራጅ በዚህኛው ጊዜ አጥሩን አላየም።

ሀስና ከበረቱ ደጃፍ ቆማ ነበር። እርጉዟ በግ ከነሆዷ ሞታለች። ከቀሩት አራቱም አንዷ መቆም አቅቷታል። ሲራጅ ካለበት ቁጭ አለ። የፈረመው ለሞተችው ነበር፤ አሁን ፊርማው ብቻ ቀረ።

"እንኳን አላህ አወጣዎት፣ ጋሼ" አለች ሀስና፣ ባሏ ቀኑን ሙሉ ያላለውን።

ጋሽ ሓድጉ መቆም ካቃታት በግ አጠገብ ተንበረከኩ። ሲራጅ ተነስቶ ከጎናቸው ሆነ። በዚያ በር ፊቱን ስላዞረባቸው ቀናት ሊናገር ነበር፤ ከአፉ የወጣው ግን "ራሷን ልያዝልዎት?" ነው።

"ያዝ" አሉ፣ ዓይናቸውን ከሱፉ ሳያነሱ። "አሁን እንዳትለቃት።"