መስታወት አልባው ካሜራ

ካልቱን ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ አንድ ፎቶ ቤት ትሠራ ነበር። ሥራዋ ከጀርባ ነው፤ የታተመውን ፎቶ ጠርዙን ትቆርጣለች፣ ነጠብጣቡን በቀጭን ብሩሽ ትሸፍናለች፣ ፖስታ ውስጥ ከትታ ለባለቤቱ ታስረክባለች። ካሜራውን የሚይዙት የቤቱ ጌታ ጋሽ በዛብህ ናቸው። በዚህ ሥራ ስድስት ዓመት ስትቆይ የራሷ ካሜራ ይኖረኛል ብላ አስባ አታውቅም። እንድታስብ ያደረጋት የአክስቷ የሃዎ ነገር ነው።

ሃዎ የአባቷ ታላቅ እህት ናት። የካልቱን እናት በወሊድ ስለሞተች ከጨቅላነቷ ያሳደገቻት እሷ ነች፤ ካልቱንም በሶማልኛው «ኢዶ» እያለች ትጠራታለች። ሃዎ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯት። በሶማሊያው ጦርነት ጊዜ፣ ከተማው በመድፍ ሲናጥ፣ ሀዲዱን ተከትለው ጅቡቲ ገቡና እዚያው ቀሩ። እነሱ ቢመለሱ «ሰርጎ ገብ» መባል አለ፤ እሷ እንዳትሄድ ጉልበቷ ከዳት፣ ኋላ ደግሞ ኩላሊቷ ታመመ። በ1975 ዓ.ም. ክረምት ላይ ታላቁ ልጇ ሙመድ በነጋዴዎች አፍ አንድ ነገር ላከባት፤ «ፎቶሽን ላኪልን። ታናሼ መልክሽ እየጠፋኝ ነው ይላል።»

ሃዎ ዕድሜዋን ሙሉ ፎቶ ተነስታ አታውቅም። ባዕድ ወንድ ፊት ተቀምጦ መታየቱን ነፍሷ አልወደደውም። ካልቱን ስትለምናት ግን «የምታነሺኝ አንቺ ከሆንሽ እሺ» አለች።

ካልቱን የጋሽ በዛብህን ትልቁን ካሜራ ከነፍላሹ ተውሳ መጋላ ሰፈር ወዳለው የአክስቷ ቤት ሄደች። የሃዎ ክፍል ብርሃን የሚያገኘው ከአንዲት ጠባብ መስኮት ስለሆነ በዚያ ካሜራ ያለ ፍላሽ የሚሞከር አልነበረም። ቁልፉን ስትጫነው ካሜራው «ቷ!» አለ፤ ክፍሉም ነጭ ሆኖ ብልጭ አለ። ሃዎ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ካልቱን አባብላ ሁለት ጊዜ ደገመችው። ፊልሙ ሲታጠብ አንዱ ላይ የሚታየው እጅ ብቻ ነው። በሁለቱ ላይ ሃዎ ዓይኗን ጨፍና፣ ዱላ እንደሚጠብቅ ሰው ትከሻዋን ሰብስባለች።

«ይሄንን ልጆቼ እንዲያዩት አልፈልግም» አለች ፎቶዎቹን መልሳ። «ብልጭ ካለ በኋላ የሚመጣውን አውቀዋለሁ ካልቱ። ያን ሰሞን ከአልጋ ሥር ሆኜ ስሰማው ነው የከረምኩት።»

በማግስቱ ካልቱን ጋሽ በዛብህን ካሜራው ለምን እንዲያ እንደሚጮህ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ሌንሱን ፈትተው ውስጡን አሳዩዋት።

«ይቺ መስታወት ናት በሌንሱ የገባውን ወደ ዓይንሽ የምትልከው። ቁልፉን ስትጫኚ ብድግ ትልና ለፊልሙ መንገድ ትለቃለች፤ ከዚያ ትመለሳለች። የሰማሽው የሷን ጥፊ ነው።»

«መስታወት የሌለው የለም?»

«አለ። ግን እሱ በአንድ መስኮት አይተሽ በሌላ መስኮት ማንሳት ነው። እኔ አልወደውም። ልግዛ ካልሽ እንደኔ ያለውን ግዢ፤ ሌንሱ ይቀያየራል፣ የምታዪው እና የምታነሺው አንድ ነው።»

ካልቱን ለስፌት መኪና ብላ በዕቁብ ያጠራቀመችው ገንዘብ ነበራት። በእሱ ካሜራ ልትገዛ መወሰኗን ለጋሽ በዛብህ ነገረቻቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፎቶ ቤቱን ዘግተው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ አብረዋት ወደ ቡራሌ ሱቅ ሄዱ።

የቡራሌ ሱቅ ቀፊራ ገበያ ጥግ ላይ ነው። ከፊት የሚታየው ፔርሙስና የላስቲክ ጫማ ነው፤ ከመጋረጃው ወዲያ ግን በባቡር የመጣ፣ የፊናንስ ፖሊስ እንዲያየው የማይፈለግ ዕቃ ይገኛል። ቡራሌ ሻይ አስቀርቦላቸው ሲያበቃ ሦስት ካሜራ ከፎጣ ፈትቶ ደረደረ።

የመጀመሪያው የጃፓን ነው፤ ባለ መስታወት፣ ከባድ፣ አዲስ። ጋሽ በዛብህ አንስተው ከእጃቸው ማውረድ አቃታቸው። «ይሄ ነው ካሜራ» አሉ። ሁለተኛው ትንሽ ነው፤ ቁልፉን ከመጫን በቀር ሌላውን ሁሉ ራሱ የሚሠራ። ሦስተኛው ቆዳው ጥግ ጥጉ ላይ የተላጠ የሩስያ ካሜራ ነው። ለትምህርት ሄዶ የተመለሰ አንድ ልጅ የሸጠለት መሆኑን ቡራሌ እንደማፈር ብሎ ነገራቸው።

«አቦ እሱን ተዪው» አላት። «ልጅ ይጫወትበት ብዬ ነው ያስቀመጥኩት። ወላሂ ለአንቺ የሚሆንሽ የጃፓኑ ነው። ሰርግ ይዘሽ ብትገቢ ያስከብርሻል።»

ካልቱን የጃፓኑን አንስታ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ቁልፉን ተጫነች። ያው ጥፊ ነው፤ ትንሽ ለስለስ አለ እንጂ። ትንሹን አነሳች፤ ድምፁ እምብዛም አይሰማም። ጋሽ በዛብህ ግን ሌንሱን በጣታቸው እየነኩ «ይሄ ዓይኑ ጠባብ ነው፤ በጨለማ ቤት ያለ ፍላሽ አያይም። ባትሪው ሲያልቅ ደግሞ እዚህ አገር የሚተካ አታገኚም፤ ያኔ ድንጋይ ነው» አሏት። ቡራሌ ሊከራከር ፈልጎ ተወው።

የሩስያውን ጆሮዋ ላይ ስታደርገው የሰማችው፣ ልብስ ሰፊ ሴት ክር በጥርሷ ስትበጥስ የሚሰማውን ያህል ነው። ደግማ ተጫነችው። ከዚያ ተነስታ መጋረጃውን ጥርቅም አድርጋ ዘጋች፤ ክፍሉ የሃዎን ቤት ያህል ጨለመ። በካሜራው መስኮት ስታይ መሐሉ ላይ ቢጫ ነጥብ አለ፤ በነጥቡ ውስጥ የቡራሌ ቆብ ሁለት ሆኖ ይታያል። የሌንሱን ቀለበት ቀስ ብላ ስታዞረው ሁለቱ ቆቦች ተቀራረቡ፣ ገጠሙ፣ አንድ ሆኑ። በዚያ ጨለማ በጋሽ በዛብህ ካሜራ ቢሆን ሁሉም ጭጋግ ይሆንባት ነበር።

«ይሄ ባትሪ ይፈልጋል?» አለች።

«ምንም አይፈልግም» አሉ ጋሽ በዛብህ ሳይወዱ።

ለሁለቱ ዋጋ ጠየቀች። የጃፓኑን ብትገዛ ያላት ሁሉ ያልቃል፤ ፊልም የምትገዛበት አይተርፋትም። የሩስያውን ብትገዛ ለፊልምም ለማጠቢያውም ይበቃታል። ጋሽ በዛብህ ሐሳቧ ወዴት እንዳዘነበለ ገብቷቸው ካሜራውን ከእጇ ወሰዱት። ጀርባውን ፈትተው፣ መጋረጃውን ገልጠው፣ የመዝጊያውን ጨርቅ ወደ ብርሃኑ አቅንተው ቀዳዳ እንደሌለው መረመሩ፤ ሌንሱን አሽትተው ሻጋታ ፈለጉ። ከዚያ መለሱላት።

«ደህና ነው። ዓይኑ ሰፊ ስለሆነ በመስኮት ብርሃን ያለ ፍላሽ ያነሳል። ግን ስሚኝ። ክዳኑን ሳታነሺ ብትተኩሺ መስኮቱ አይነግርሽም፤ ፊልሙ ባዶ ይወጣል። ክዳኑን ከፍተሽ ፀሐይ ላይ ብትተዪው ደግሞ ጨርቁን አቃጥሎ ይበሳዋል። ቀርበሽ ስታነሺ ከላይ ቦታ ተዪ፤ አለበለዚያ ሰውን ግንባሩን ታሳጪዋለሽ።»

ካልቱን የሩስያውን ገዛች፤ የተባለችውንም አልዘነጋችም። ሳምንቱን ሙሉ ባዶውን ካሜራ እየያዘች ተለማመደች፤ አንድ ፊልም በጎረቤቶቿ ላይ ጨረሰች። ጋሽ በዛብህ እንዳሉትም ግንባራቸው የተቆረጠ ሴቶች አወጣች። በሁለተኛው ፊልም ወደ ሃዎ ሄደች።

ሃዎ ታጥባ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ ሻሿን ጭኗ ላይ አድርጋ ፀጉሯን ታበጥር ነበር። እያበጠረች ስለ ሙመድ ታወራለች፤ ልጅ ሆኖ ደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ሲመጣ ፍየሏን አቅፎ ዛፍ ላይ ስለወጣበት ቀን። ካልቱን ብርሃኑ ይበቃ እንደሆነ ለማየት ካሜራውን አነሳች። በቢጫው ነጥብ ውስጥ ሁለት ሃዎ አንድ ሆነች። ጣቷ ቁልፉን ተጫነ። ሃዎ አልሰማችም፤ ፍየሏ ዛፉ ላይ እንዴት እንደጮኸች ትናገራለች። ካልቱን አንድ ጊዜ ደገመች።

ከዚያ በኋላ ነው «ኢዶ፣ ልጀምር ነው» ያለቻት። ሃዎ ፀጉሯን ሰብስባ ሸፈነች፣ ቢጫ ሻሿን አሰረች፣ ዝም ብላ ወደ ካሜራው አየች። ካልቱን ፊልሙን በዚያ መልክ እስኪያልቅ አነሳች። ሃዎ አንድም ጊዜ አልደነገጠችም።

«አነሳሽኝ እንዴ?» አለች መጨረሻ ላይ።

«አንስቼሻለሁ።»

«ይሄ ደግ ካሜራ ነው» አለች ሃዎ።

ካልቱን ፊልሙን ካሜራው ውስጥ እንዳለ ይዛ፣ ደስ ብሏት ወደ ከዚራ ተመለሰች። ደቻቱን ተሻግራ ስትወጣ አንድ የአብዮት ጥበቃ ዘንቢሏን እንድትከፍት አዘዛት። ወጣት ነው፤ ጠመንጃው ከትከሻው ይንሸራተታል።

«ይሄ ካሜራ የማን ነው? የት ስታነሺ ነበር? ባቡር ጣቢያውን?»

«የራሴ ነው ጓድ። አክስቴን ነው ያነሳሁት፣ ቤት ውስጥ።»

«እናያለና» አለ። ልትከለክለው እጇን ስትዘረጋ ዓይኑ ፈጠጠባትና እጇን መለሰች። የካሜራውን ጀርባ ገፍቶ አወጣው፤ ፊልሙን ወደ ፀሐይ አዙሮ ተመለከተ። «ምንም የለበትም» አለ። ክፋት ያለበት አይመስልም ነበር፤ ፎቶው እዚያው ተቀርጾ ሊያየው ጠብቆ ነበር። ካሜራውን ሰጥቷት «ሂጂ» አላት። ካልቱን ጀርባውን ገጥማ፣ ነጠላዋን ጠቅልላበት ሄደች።

ጋሽ በዛብህ የሆነውን ሲሰሙ ፊልሙን እንድትሰጣቸው እጃቸውን ዘረጉ።

«መጀመሪያ የተነሱት ከውስጥ ነው የሚጠቀለሉት። ፀሐይ ያልደረሰባቸው ይኖሩ ይሆናል። አምጪ፣ ልጠበው።»

«እኔ ልጠበው ጋሽ።»

«ምነው? እኔ እያለሁ?»

«መጀመሪያ ላይ ሳትሸፈን ያነሳኋት አለ» አለች ካልቱን ቀና ብላ ሳታያቸው። ጋሽ በዛብህ እጃቸውን ሰበሰቡ። የጨለማ ክፍሉን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኑረው ወደ ውጭ ወጡ፤ እስክትጨርስም በረንዳው ላይ ተቀምጠው ቆዩ።

ፊልሙ ድፍን ጥቁር ሆኖ ወጣ። ሃዎ በቢጫ ሻሿ ተሸፍና በክብር የተቀመጠችባቸው ሁሉ ጠፍተዋል። ወደ መጀመሪያው ሲቀርብ ጥቁሩ እየሳሳ ሄደ፤ ሁለተኛው ፎቶ ግማሹ ተቃጥሏል፤ የመጀመሪያው ብቻ ዳነ። ካልቱን አተመችው። ሃዎ ሽበቷ በአንድ ትከሻዋ ወርዶ፣ ማበጠሪያው በእጇ፣ ስለ ልጇ እያወራች አፏ ላይ ፈገግታ ሊመጣ ሲል ነበር።

ካልቱን እንደገና ላንሳሽ ልትላት በነጋታው ሄደች፤ አልሆነም። ሃዎ ሌሊቱን በሽታው ጠንቶባት ፊቷ አብጦ፣ ዓይኖቿ ጠብበው ተኝታለች። «በዚህ መልኬ አታንሺኝ» አለች ገና ካሜራውን ስታይ። ካልቱን ካሜራውን ከበሩ ሥር አስቀምጣ አጠገቧ ተቀመጠች፤ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት፣ ፎቶውንም ሰጠቻት።

ሃዎ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አዘንብላ ብዙ አየችው።

«መቼ ነው ይሄ?»

«ስታበጥሪ።»

«አልነገርሽኝም።»

«አልነገርኩሽም።»

ሃዎ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ካልቱን እንድትቆጣት ጠበቀች፤ ቁጣ ቢመጣ ይቀላት ነበር። 

«በዛብህ አይቶታል?»

«አላየም። ብቻዬን ነው ያጠብኩት። ያተምኩትም ብቻዬን።»

«ልጅ የእናቱን ፀጉር ቢያይ ነውር የለበትም» አለች ሃዎ በመጨረሻ። «ይሂድላቸው። ሴት ትውሰደው። ሌላ ግን እንዳይኖር። ያ ጥቁሩ፣ ፊልሙ የታለ?»

ካልቱን ከቦርሳዋ አወጣችው። መንገድ ላይ ፎቶው ቢወረስ፣ ቢቀደድ፣ ሃዎ በዚህ ምድር ምንም መልክ እንደማይቀርላት ታውቃለች። ቢሆንም ክፍሉ ጥግ ወዳለው የከሰል ማንደጃ ሄደች። ከሰሉ ላይ ስትጥለው ፊልሙ ተኮማትሮ ቀለጠ። ሃዎ እስኪጨርስ አየችውና ዓይኗን ከደነች።

ፎቶውን ይዛ የሄደችው ሃሊሞ የምትባል፣ በባቡር ጅቡቲ እየተመላለሰች የምትነግድ ጎረቤት ናት። በጨርቅ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ሃሊሞ ሳትመለስ ሃዎ ሞተች። ከቀብሯ በኋላ ሃሊሞ መጣችና ለቅሶ ቤት ምንጣፉ ላይ ካልቱን አጠገብ ተቀመጠች።

«ደረሰ» አለቻት ዝቅ ብላ። «ሙመድ አየው፤ ከዚያ ፎቶውን ገልብጦ ምንጣፉ ላይ አኖረና እጁን ላዩ ላይ አደረገ። ታናሹ ነው ያናገረኝ። ‹እንዲህ የምትሆነው እንግዳ ሳይኖር ነበር› አለኝ። የማን እጅ እንዳነሳት ጠየቀ፤ ያንቺን ስም ነገርኩት።»

ካልቱን ተነስታ ለሃሊሞ ሻይ ቀዳችላት።

በተከታዩ ዓመት የመጋላ ሴቶች ለሰርጎቻቸው ይጠሯት ጀመር። ከሴቶቹ ክፍል ገብታ ታነሳለች፤ ፊልሙንም ራሷ ታጥባለች፣ ሲያልቅ ፎቶውን ከነጥቁሩ ፊልም ለባለቤቶቹ ትሰጣለች። ካሜራውን ወደ ዓይኗ ከማድረጓ በፊት ግን ሁልጊዜ «ላነሳ ነው» ትላለች። ያኔ ሳቁ ይቆማል፣ ሴቶቹ ሻሻቸውን ያስተካክላሉ፣ አንገታቸውን ያቀናሉ።

አንድ ቀን አንዲት ሙሽራ ለካልቱን ማስታወሻ ይሁንሽ ብላ የሰጠቻትን ፎቶ ጋሽ በዛብህ አገላብጠው አዩት። ሙሽራይቱና እናቷ ተሸፋፍነው፣ ጎን ለጎን እንደ ምሰሶ ቆመዋል።

«ያን ካሜራ የገዛሽው ድምፁ ሳይሰማ ለማንሳት አልነበረም?» አሏት። «ይሄማ በኔም ካሜራ ይወጣል። ደርቀዋል።»

«አዎ፣ ደርቀዋል» አለች ካልቱን፤ የሌሎቹን ፎቶዎች ጠርዝ መቁረጧን ቀጠለች።