አስራ አራት ሲጠራ

ሮንዳ ገመዱን ነቅላ እንደገና ሰካችው። ኮምፒውተሩ አሁንም "መሣሪያው አልተገኘም" ይላታል።

"አፍንጫህ ሥር ተቀምጦ እንዴት አልተገኘም ትላለህ፣ አንተ ዕውር" አለችው።

ዛሬ ካልጨረሰች አይሆንላትም። ባሏ ግሌን በጠዋት ተነስቶ ወደ እሳት አደጋ ጣቢያው ሄዷል። ለአዲሱ የውሃ ቱቦ መግዣ እንዲሆን መንደሩ በየበጋው የዶሮ ጥብስ ይሸጣል፤ ግሌን ደግሞ ከሰሉን ለሌላ ሰው አያስነካም። እስኪመለስ አዲሱን ስካነር፣ የእሳት አጥፊዎቹን የሬዲዮ ንግግር የሚያሰማውን መሣሪያ፣ አዘጋጅታ ጠረጴዛው ላይ ልትጠብቀው ነው ሐሳቧ። ከዚያ በኋላ ግሌን ይቆጣ እንደሆነ ይቆጣ።

ይህች ሴት ሠላሳ ዓመት ሙሉ የእሳት አጥፊዎቹን ወሬ በስካነር ስትሰማ ነው የኖረችው። ሳህን ስታጥብ ትሰማለች፣ ሹራብ ስትሠራ ትሰማለች። ባሏ በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊ ነው፤ በሬዲዮ የሚጠራበት ቁጥር አስራ አራት። አምና ልቡ ታሞ ተኝቶ ሲነሳ ሐኪሙ የሚቃጠል ቤት ውስጥ ድርሽ እንዳይል አስጠነቀቀው። ግሌንም ከእንግዲህ ሥራዬ ውጭ ቆሞ ፓምፕ መቆጣጠር ነው ብሎ ማለላት። ቃሉን መጠበቁን የምታውቀው በስካነሩ ነበር። ባለፈው ሚያዝያ ግን አውራጃው ሬዲዮኖቹን ሁሉ ወደ ዲጂታል ቀየረና ዲጂታል የማይሰማው የሮንዳ አሮጌ ስካነር ድምፁ ጠፋ።

"እሰይ፣ አሁን እንደ ሰው ትተኛለሽ" አላት ግሌን።

እንቅልፍ ከየት ይምጣ። የመንደሩ ሳይረን በጮኸ ቁጥር የታጠበ ሳህን መልሳ ታጥባለች፣ መስኮት ድረስ ሄዳ ትመለሳለች፣ ተቀምጣ ትነሳለች። በመጨረሻ ለማንም ሳትናገር ከተማ ወርዳ ሬዲዮ መሸጫ ቤት ገባች።

"ይሄ ትንሹ ይበቃኛል" አለችው ሻጩን።

"ይውሰዱት፤ ነገ ተመልሰው ይመጣሉ እንጂ" አላት ሻጩ። "እናንተ ሰፈር አንዱን ንግግር ሦስት የሬዲዮ ማማ እኩል ነው የሚያስተላልፈው። ይሄ ሦስቱን አንድ ላይ ሲሰማ ይደነባበርና ይንተባተባል። ያ ውዱ ግን ለይቶ ይሰማል። ባለቤትዎ እሳት አጥፊ ናቸው?"

"በምን አወቅክ?"

"ሚስቶች ናቸው የሚገዙኝ። ባሎችማ ምን ያደርግልሻል ነው የሚሉት።"

ሮንዳ ውድ የሆነውን ገዛች።

አሁን ገመዱን ለሦስተኛ ጊዜ ስትሰካ ኮምፒውተሩ ዓይኑ በራለት። የአውራጃውን የሬዲዮ መስመሮች ዝርዝር አገኘችና ምኑ ይቅር ብላ ሁሉንም ጫነችው። ስካነሩ እንደ ወፍ ይንጫጫ ጀመር። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ጋራዥ፣ የመንገድ ሠራተኞች፣ ውሻ ያዢው ሳይቀር ይሰማል።

ጎረቤቷ ኮሊን የድንች ሰላጣ ሳህን ይዛ የጓሮውን በር ገፋ አድርጋ የገባችው ይሄኔ ነው። ኮሊን የእሳት አደጋው አለቃ የድዋይት ሚስት ናት።

"አንቺ ሴትዮ፣ ገዛሽው?" አለች ቆማ።

"ገዛሁት። ለድዋይት ብትነግሪ ውርድ ከራሴ።"

"እኔ እኮ የድሮው ሲዘጋ ነው ያረፍኩት" አለች ኮሊን። አፏን ሳትገጥም ሳይረኑ ጮኸ።

ሁለቱም ወደ ስካነሩ ዞሩ። ስካነሩ ስለ ተበላሸ የትራፊክ መብራት ያወራል።

"የእኛን አምጪው እንጂ" አለች ኮሊን።

"ሌላ ሌላውን ልዘጋ ነዋ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ከተትኩት።" ሮንዳ የማያስፈልጉትን አንድ በአንድ ዘጋች። አውቶቡሱን። መንገዱን። ውሻውን። የመጨረሻውን ስትዘጋ የድዋይት ድምፅ ልክ ወጥ ቤቱ ውስጥ እንደቆመ ሆኖ ወጣ።

"ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ነው፣ ከላይ እየጨሰ ነው። ፓምፑ ላይ ማነው?"

"ሰባት" አለ የአንድ ወጣት ድምፅ።

ሮንዳ ኮሊንን አየቻት። ኮሊን ሰላጣውን አየች።

"አስራ አራት የት ነህ?"

"ከዘጠኝ ጋር ፎቅ ላይ ነን" አለ ግሌን። ሲተነፍስ ይሰማል።

 ሮንዳ ወንበሩን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ከሚያዝያ ወዲህ ስንቱን ቤት ገብቶ ይሆን? በየማታው ጫማውን እያወለቀ ምን ነበር የሚላት? "ፓምፕ ስጠብቅ እግሬ ደነዘዘ።"

"ሰው አጥሯቸው ነው" አለች ኮሊን። "ድዋይትም አልወደደውም።"

"ታውቂ ነበር ማለት ነው?"

ኮሊን ልትመልስ ስትል ስካነሩ ቀደማት።

"አለቃ፣ አስራ አራት ነኝ። ትንፋሽ አጠረኝ። እየወጣሁ ነው፣ የሚተካኝ ላክ።"

"ውጣ። ሁለት ሰው መጥቶልሃል። ደረጃው ላይ ያገኙሃል።"

ከዚያ ስካነሩ ጸጥ አለ። ሮንዳ ጎንበስ አለች። ጆሮዋን ስካነሩ ላይ ልትለጥፍ ምንም አልቀራት። ድዋይት ዘጠኝን ጠራ፣ ዘጠኝ አቤት አለ። አስራ አራትን ጠራ። መልስ የለም። ደግሞ ጠራ።

"አስራ አራት ሣሩ ላይ ተቀምጧል" አለ ሌላ ሰው። "ሐኪሞቹ እያዩት ነው። ልቡ ደህና ነው፣ ግፊቱም ደህና ነው። ለዛሬ በቃው ብለዋል።"

ሮንዳ መጀመሪያ አለቀሰች። ቀጥሎ ቆሽቷ አረረ።

"ዛሬ ወይ እሱ ወይ እኔ" ብላ ተነሳች። "ይሄን እዚሁ መሐል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥለታለሁ። ሲገባ የገዛ አለቃውን ይስማ። እስቲ አሁን ፓምፕ ስጠብቅ ዋልኩ ይበለኝ።"

"ሮንዳ፣ ተይ።"

"ለምን እተዋለሁ? ደጋግሞ እየዋሸኝ?"

ኮሊን ሰላጣውን ወዲያ ገፋችው። "አምና ደረቱን የያዘው ቀን፣ ጥሪ ላይ ሳለ ነው የጀመረው። ታውቂያለሽ አይደል?"

"ከተመለሱ በኋላ ነው የተባልኩት። ራሴ ሰምቼዋለሁ እኮ። ድዋይት በጠራው ቁጥር፣ አስራ አራት፣ ደህና ነኝ ይል ነበር።"

"ደህና አልነበረም። ግድግዳ ተደግፎ ነው ደህና ነኝ የሚለው። መኪናው አጠገብ እስኪወድቅ ድረስ ማንም አላወቀም። ኋላ ድዋይት፣ ምን ነክቶህ ነው ዝም ያልከው ሲለው፣ ሮንዳ ትሰማለች አለው።" ኮሊን ዓይኗን ሰበረች። "እንዳልነግርሽ ተለምኜ ነው። እዚህ ሰፈር ያለ ወንድ ሁሉ እንደዚያ ነበር። እግሩ ቢሰበርም ቤት ይሰማል ብሎ ደህና ነኝ ይላል።"

ሮንዳ ተመልሳ ተቀመጠች። ያን ቀን ሹራብ እየሠራች ነበር የሰማችው፤ ደህና ነኝ ባለ ቁጥር እፎይ እያለች። ትንፋሽ አጠረኝ ሲል ግን ከዛሬ በፊት ሰምታው አታውቅም። ይሄን ያህል ዓመት አንድ ቀን እንኳ። ዛሬ የተናገረው እሷ የማትሰማ መስሎት ነው።

ኮሊን ከሄደች በኋላ ሮንዳ ወዲያ ወዲህ ስትንጎራደድ ቆየች። ስካነሩን አንዴ ጠረጴዛው መሐል ታደርገዋለች፣ አንዴ ጠርዙ ላይ። ንግግሯን ሁሉ አዘጋጅታለች፤ ከየት እንደምትጀምር፣ የት ላይ እንደምትጮህበት። የግሌን መኪና ጠጠሩን እያንኳኳ ሲገባ ግን ስካነሩን ነቀለችው። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ወስዳ ከሳሙናው ጀርባ ከተተችውና በሩን ዘጋች።

ግሌን ጢስ ጢስ እየሸተተ ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል። ወንበር ስቦ ዘፍ አለ።

"ሳይረኑን ሰማሽው?"

"ሰማሁት። ምን ነበር?"

"ትንሽ ነገር ናት። ከፓምፑ ፈቅ አላልኩም።"

ሮንዳ ብርጭቆ አነሳች። "ጎበዝ" አለችው። "ሰኞ ሐኪምህ ጋ ይዤህ እሄዳለሁ። እኔ ጉልበቴን ስታይ አንተም በዚያው ትታያለህ።"

"ጉልበትሽ ደህና አልነበር እንዴ?"

"ዛሬ አመመኝ" አለችና ውሃ ቀድታ ሰጠችው።