ጭስ ያልታየበት ሰኞ

ሀብቴ የሆሳዕና አውሮፕላን ማረፊያ ጠባቂ ነበር። ማረፊያ ቢሉት እንኳ ሣር ሜዳ ነው፤ አጥር የለው፣ አስፋልት የለው። ሳምንቱን ሙሉ የአገሩ ከብት ሲግጥበት ይሰነብትና ሐሙስ ሐሙስ ዳኮታ የምትባለው አሮጌ አውሮፕላን ትመጣለች። ያን ጊዜ ሀብቴ ከብቱን አባሮ በሜዳው ዳር እርጥብ ቅጠል ያጨሳል። ጭሱ ለአብራሪው ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስና ሜዳው ነጻ መሆኑን ይነግረዋል። ጭስ ካላየ ሁለቴ ዞሮ ይመለሳል፤ ደንቡ ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ ግን ጭስ አጥቶ የተመለሰ አብራሪ አልነበረም። ሚስቱ ትርፊት፣ ሐሙስ ሐሙስ ንጹሕ ሸሚዝ የሚለብሰው ለእሷ ነው እያለች ዳኮታዋን «ጣውንቴ» ትላት ነበር።

እውነትም ይወዳታል። አንድ ጊዜ ጭቃ ይዟት ሁለት ቀን ስትቆም አንድ ሽማግሌ መካኒክ ታሪኳን አጫውቶታል። የተሠራችው ለዓለም ጦርነት ነው። በጣሪያዋ ርዝመት የተወጠረውን ሽቦ አሳየው፤ ወታደሮቹ ከመዝለላቸው በፊት ፓራሹታቸውን የሚያያይዙበት ነበር። በሩ አጠገብ ቀለሟን ፋቅ ሲያደርገው ከነጩ ሥር የወታደር አረንጓዴ ብቅ አለ። ወታደሮቹ የሚቀመጡት ግራና ቀኝ ግድግዳውን ይዞ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ነበር። ሰላም ሲሆን አግዳሚው ተነቅሎ የመንገደኛ ወንበር ገባላት። ከዚያ ወዲህ አስተማሪ፣ ሐኪም፣ የሚሲዮን ደናግል፣ የቡና ጆንያ፣ አንዴም አንዲት ሙሽራ ከነሚዜዎቿ አመላልሳለች። ሀብቴ ይህን ሲሰማ ኮራባት። ከጦርነት ወጥቶ እንዲህ ለቁም ነገር የሚበቃ ስንቱ ነው?

በ1978 ክረምት ግን ሀብቴ የሚኮራበት ቀርቶ የሚጽናናበት አልነበረውም። ሁለት ወንዶች ልጆች አሉት። ትልቁ አክሊሉ ወደ ሰሜን ከዘመተ ሁለት ዓመት፣ ደብዳቤው ከጠፋ ሰባት ወር ሆኖታል። ታናሹ ኤሊያስ ደግሞ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ከጓደኞቹ ጋር ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ በዘብ ይጠበቃል። መንገዱን ዝናብ ስለቆረጠው መኪና አያልፍም፤ ምልምሎቹ የቆዩትም ለዚሁ ነው።

ያን ሐሙስ ዳኮታዋ ስታርፍ ሀብቴ ሻንጣ ሊያወርድ ገባና ክው አለ። ወንበሮቹ የሉም። ተሳፋሪው ግራና ቀኝ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ተፋፍጎ ተቀምጧል። አብራሪው ሰኞ ከፕሮግራም ውጭ እንደሚመጣ፣ ለምን እንደሆነ ግን ለእሱም እንዳልተነገረው ገለጸለትና ጭሱን እንዳይረሳ አሳስቦት ሄደ።

ሀብቴ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም። ዳኮታዋን ከማንም በላይ ያውቃታል። አግዳሚ የወታደር ነው፤ ሰኞ የምትመጣው ኤሊያስን ልትወስድበት ነው። ካላረፈች ግን ልጁ ይቆያል። ከቆየ ደግሞ ቀበሌ ሄዶ፣ አንዱን ሰጥቻለሁ፣ ይህን ተዉልኝ ብሎ የሚለምንበት ጊዜ ያገኛል።

ማታ ነገሩን ለትርፊት አዋያት።

«ሰው ይጎዳል?» አለችው።

«ማንም አይጎዳም። ዞራ ትመለሳለች።»

«እንግዲያው ቅጠሉን አትንካው።»

ሰኞ ረፋድ ላይ የሞተሯ ድምፅ ከደመናው በላይ ተሰማ። ከብቱ ሜዳው ላይ ተሰማርቷል። ሀብቴ ክብሪቱን በኪሱ ጨብጦ ቆመ። ዳኮታዋ አንዴ ዞረች። ሁለተኛውን ዙር መስኮቶቿ እስኪታዩ ድረስ ዝቅ ብላ አለፈች። ትሄዳለች ሲል ከደንቡ ውጭ ሦስተኛ ዞረች። ከዚያ አፍንጫዋን ወደ አዲስ አበባ መለሰች። ሀብቴ ሣሩ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ልጁን ያዳነ መስሎት ደስ ብሎታል፤ ሃያ ዓመት ያመነችውን ዳኮታ ስለከዳት ደግሞ አፍሯል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ረቡዕ ዝናቡ ፋታ ሰጠና በዱራሜ በኩል ሦስት የጭነት መኪናዎች መጡ። ምልምሎቹን የሚወስዱት ከመጀመሪያውም እነሱ ነበሩ። ኤሊያስ ከመኪናው ላይ ሆኖ እጁን አውለበለበ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መናኸሪያው አካባቢ ያሉ ተሸካሚዎች አንድ ወታደር ደግፈው እነሀብቴ ቤት አደረሱ። አክሊሉ ነበር። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። እናቱ አንገቱን አቅፋ እዬዬ አለች። ትንሽ ሲረጋጉ ኤሊያስ የት እንዳለ ጠየቀ፤ እናቱ መኪና እንደወሰደው ነገረችው።

እሱም አቀርቅሮ የመንገዱን ነገር ያወራ ጀመር። ያን ሰኞ ቁስለኞቹን በዳኮታዋ በየአገራቸው ሊያደርሷቸው ተነሥተው እንደነበር፣ መቀመጥ የማይችለው እንዲጋደም ብለው አውሮፕላኑ ውስጥ አግዳሚ እንደዘረጉላቸው ነገራቸው። ከጎኑ ተጋድሞ የነበረው የሙዱላ ልጅ አዲስ አበባ በተመለሱ በአራተኛው ቀን ሞተ።

«ሦስተኛውን ዙር ለምኜ ያስዞርኳቸው እኔ ነኝ፣ አባዬ» አለ። «አባቴ እታች አለ፣ አሁን ያጨሳል አልኳቸው። በመስኮት አየሁህ እኮ። ቆመህ ነበር።» ከዚያ አባቱን ቀና ብሎ አየው። «ክብሪት አጥተህ ነው?»

ትርፊት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሀብቴ እጁን ኪሱ ከተተ፤ ክብሪቱ ከዚያ ሰኞ ጀምሮ እዚያው ነበር።

«አይ ልጄ» አለው። «ነበረኝ።»