ኦርቻርድ ቤንድ፣ ስድስተኛው ፉርጎ

የኦርቻርድ ቤንድ ጣቢያ የተቆፈረው የፖም ዛፎች በነበሩበት መሬት ሥር ነው። በ1968 ሲከፈት ባቡሮቹ አራት ፉርጎ ብቻ ነበሩ። ለአውቶብስ ማቆሚያ የሚሆን መሬት የተገኘው በምዕራቡ ጫፍ ስለነበር፣ ወደ አውቶብሶቹ የሚያወጣው ደረጃም እዚያው ጫፍ ላይ ተሠራ። ፉርጎዎቹ ስድስት ከሆኑ በኋላም ደረጃው ካለበት አልተነሳም። ስለዚህ ማታ ማታ ከመሀል ከተማ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው፣ ሌሎቹ ፉርጎዎች ባዶ ቢሆኑ እንኳ፣ የመጨረሻው ውስጥ ይታጨቃል። ከደረጃው ፊት ለፊት የሚከፈተው የእሱ በር ነው። ሃያ ዘጠኝ ቁጥር አውቶብስ ያመለጠው ሰው በጥር ብርድ ሃያ ደቂቃ ይቆማል።

እኔ ከአራተኛው ፉርጎ ሆኜ በሮቹን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ዱጋል ከፊት ይነዳል። ሥራችን አንድ ሕግ አለው። ባቡሩ ሲቆም መስኮቴን ዝቅ አድርጌ፣ ግድግዳው ላይ ወዳለችው መዳፍ የምታህል አረንጓዴ ሦስት ማዕዘን ጣቴን እቀስራለሁ። ምልክቷ ትክክል ከፊቴ ከሆነች፣ ስድስቱም ፉርጎዎች መሳፈሪያው ላይ ናቸው ማለት ነው። የበሮቹን መክፈቻ ቁልፍ የምጫነው ከዚያ በኋላ ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ አንዳንድ ቀልደኛ መልሶ ጣቱን ይቀስርብኛል።

ያን ማክሰኞ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ቀለም ቀቢዎች ጣቢያው ውስጥ ነበሩ። ዱጋል ከፊቱ አንድ ሳንቃ ከመሳፈሪያው ጠርዝ ወደ ሐዲዱ ወጥቶ አየና ፍሬን ያዘ። ባቡሩ አንድ ፉርጎ ያህል ሳይደርስ ቆመ።

እኔ መስኮቴን ዝቅ አደረግሁ። ፊት ለፊቴ የቀቢዎቹ ረጅም ሸራ ግድግዳውን ሸፍኖ ተሰቅሏል። እንደ ልማዴ ጣቴን ወደ ሸራው ቀሰርኩ፤ ቁልፉን ተጫንኩ።

በሮቹ ተከፈቱ። የዱጋል ደወል የጮኸው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሦስት አጫጭር፣ አትክፈት ማለት ነው።

ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። ከአምስተኛው ፉርጎ በኋላ መሳፈሪያው አብቅቷል። ስድስተኛው ዋሻው ውስጥ ነው፤ ከተከፈተው በሩ የወጣው ብርሃን ጥቁሩ ግድግዳ ላይ ወድቋል።

መጀመሪያ ሐሳቤ ላይ የመጣችው ወይዘሮ ሃልቫርሰን ናት። ማክሰኞና ሐሙስ ከተማ ውስጥ ያሉ ትምህርት ቤቶችን ፒያኖ ስትቃኝ ውላ በእኔ ባቡር ነው የምትመለሰው። ዓይነ ስውር ናት። ሁልጊዜ የመጨረሻው በር ላይ ትቆማለች፤ ሰዉም ቀድማ እንድትወርድ ይለቅላታል። ከበሩ እስከ ደረጃው አምስት እርምጃ እንደሆነ ነግራኛለች። አሁን ከበሩ በታች ያለው የሰው ደረት የሚደርስ ገደል ነው፤ በባቡሩና በግድግዳው መሀል ደግሞ ሰው የሚያስገባ ክፍተት አለ። ኤሌክትሪክ የተሸከመው ሐዲድ ማዶ ነው። ቢሆንም የወደቀ ሰው በጨለማ የት እንደሚዳስስ ማን ያውቃል?

በሮቹን ልዘጋ እጄን ሰደድኩ፤ ግን መልሼ ሰበሰብኩት። ብዘጋ፣ ግማሽ አካሏ ውጭ ቢሆንስ? ብዘጋና ዱጋል ፊት የመሄጃው መብራት ቢበራ፣ እሷ ታች ብትሆንስ?

ስልኩ ጮኸ።

«ኤቶሬ! አንተ ሰውዬ፣ ምን አደረግክ?»

«እንዳታንቀሳቅሰው።»

«ሰው ወርዷል?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም ማለት ምን ማለት ነው?»

«አላውቅም ማለት ነው፣ ዱጋል። ፍሬኑን ያዝልኝ። እንዳታንቀሳቅሰው!»

ማይክሮፎኑን አነሳሁ። ከጣቢያ ስም ሌላ ተናግሬበት አላውቅም። «ስድስተኛው ፉርጎ ያላችሁ፣ በሩ ፊት ዋሻ ነው። ማንም እንዳይወርድ። ወይዘሮ ሃልቫርሰን፣ እባክዎ ባሉበት ይቁሙ።» ማይክሮፎን መልስ አያመጣም። ጥዬው ሮጥኩ።

አምስተኛው ፉርጎ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ኮታቸውን እየቆለፉ በሰላም ይወርዳሉ። በፉርጎዎቹ መሀል ያለው በር ቁልፌን እንቢ አለ።  በሦስተኛው ሙከራ ተከፈተ፤ ከፊቴ በበረዶ የራሰ የኮት ግድግዳ አገኘሁ።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ወረፋ? በሩ ተከፍቶ የለም እንዴ?»

«ማጉያው የሆነ ነገር ብሏል።»

«ማጉያው እንደሚጠበስ እንቁላል ይንጫጫል፤ እሱን ማን ይሰማዋል?»

«አሳልፉኝ!» አልኩ።

«ሁላችንም እንለፍ እያልን ነው እኮ፣ ወንድሜ። ወረፋህን ጠብቅ!»

አንዲት ሴት ክንዴን ያዘች። «አንድ ነገር ሲወድቅ ሰምቻለሁ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ከባድ ነገር ነው።»

 ከዚያ በኋላ ማንን እንደገፋሁ አላስታውስም። በትከሻዎች መሀል ስገፋ፣ ከፊት አንድ ወፍራም ድምፅ «ሴትዮ፣ ይለፉ ወይም ያሳልፉን! አውቶብሴ ሊያመልጠኝ ነው!» ሲል ሰማሁ።

«ሂዳ» አለ የማውቀው ድምፅ። «እኔን ዘልለህ ሂድ። ስትደርስ ታች ስንት ሜትር እንደሆነ ንገረኝ።»

ቆማ ነበር። ጀርባዋን ለጨለማው ሰጥታ፣ ዘንጓን በበሩ ስፋት አግድማ፣ በሁለት እጇ ሰውን ሁሉ ወደ ኋላ ትገፋ ነበር። ባርኔጣዋ ወደ አንድ ወገን ተጣሟል። የመቃኛ ቦርሳዋ የለም።

«ወይዘሮ ሃልቫርሰን» አልኩ።

«በሩ ሲከፈት ድምፁ አልሰፋም» አለች። «ጣቢያ ሲሆን ድምፁ ይሰፋል። ዘንጌን ባወርደው መሬት አጣሁ። ልንገራቸው ስል ከኋላዬ ገፉኝ፤ ቦርሳዬ ሄደ።» ትንፋሿ ይቆራረጥ ነበር። «ማን ነው የከፈተው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጣትህን ቀስረህ ነበር?»

«ቀስሬ ነበር።»

«ምን አየህ?»

ያ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰውዬ አሁን አጠገቧ ቆሞ ግድግዳው ላይ የወደቀውን ብርሃን እያየ ነበር። ጋዜጣውን አጥፎ ብብቱ ሥር ከተተ። የሚገፋ አልነበረም።

«ሸራ» አልኩ። «ምልክቱን አላየሁም። ሳላይ ነው የከፈትኩት።»

 እሷ ዘንጓን አላወረደችም።

ሰውን አንድ በአንድ ጠየቅኩ፤ የጎደለ የለም። ከበሩ ሁለት እርምጃ አራቅኋቸው። ወደ ቦታዬ ተመልሼ በሮቹን ዘጋሁ፤ ለዱጋልም በስልክ ነገርኩት። ዱጋል ቀቢዎቹን ስማቸውን እየጠራ ሰደባቸው፤ ሳንቃው ተነሳ። ባቡሩ በሰው እርምጃ ፍጥነት ተጎተተ። እኔ በራሴ በር ወርጄ ሸራውን በእጄ ገለጥኩና ምልክቷን አየሁ፤ ተመልሼ ከፈትኩ።

ከአምስቱ ፉርጎዎች የቀሩት ወረዱ። ከስድስተኛው ማንም አልወረደም።

በመሳፈሪያው ላይ እየሮጥኩ ሄድኩ። የመጨረሻው በር ላይ ወይዘሮ ሃልቫርሰን ዘንጓን እንዳገደመች ናት፤ ከኋላዋ ሃምሳ ሰው ቆሟል።

«ደርሰናል፣ ወይዘሮ ሃልቫርሰን። መሳፈሪያው ነው። ደረጃው አምስት እርምጃ ነው።»

«ቅድምም ከፍተህልን ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ግባ።»

«ምን አሉ?»

«እዚህ እኔ ጋ ግባ፤ ከዚያ አንተ ቀድመህ ትወርዳለህ።»

ገባሁ። ዘንጓን ለእኔ ያህል ብቻ ከፍ አደረገችና እጇን ትከሻዬ ላይ ጣለች፤ ጣቶቿ አጥንቴ ድረስ ያዙኝ። ከደረጃው በላይ ሃያ ዘጠኝ ቁጥር ሞተሩን ሲያስነሳ ይሰማል። ባለ ጋዜጣው ሰውዬ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

ወደ ታች አየሁ። ግራጫው ሲሚንቶ ነበር። እግሬን አወረድኩ።