ተፍኪ ላይ የቆመችው ቀስት

ራዲያ ገጹን ደግማ አደሰችው። ካርታው መጀመሪያ ነጭ ሆነ፣ ከዚያ ቁራጭ በቁራጭ ተመልሶ መጣ፤ ቢጫው የጅማ መንገድ፣ ሰማያዊው አዋሽ፣ ግራጫዎቹ የሰበታ ሰፈሮች፣ በመጨረሻም አረንጓዴዋ ቀስት። ቀስቷ ከተፍኪ ንቅንቅ አላለችም። ይቺ ቀስት ወንድሟ ሙአዊያ ነው። በትክክል ለመናገር ሙአዊያ የሚነዳው አይሱዙ ነው፤ ቤተሰቡ ግን እንዲህ ያለውን ልዩነት ከተወ ቆይቷል።

ልማዱን ያመጣችው ራሷ ናት። በሰበታው የአበባ እርሻ የትራንስፖርት ክፍል ተቀጥራ መኪኖቹን በኮምፒውተር መከታተል ስትጀምር፣ አባቷን ሀሰኖን ቢሮ ጠርታ "ይኸው ልጅዎ" ብላ አሳየቻቸው። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው የጨርቅ ሱቃቸውን ለሰው እየተዉ ጎራ ማለት ለመዱ። "ቡራዩ ገባ" ይላሉ። ቀስቷ ወደ ሱሉልታ ስትወጣ ዳገቱን አብረው የሚወጡ ይመስል ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። ሌላው አባት ልጁን በስልክ ሲነዘንዝ እሳቸው ቀስቷን አይተው፣ ሻያቸውን ጠጥተው ይሄዳሉ።

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተሰርዟል ከተባለ ወራት ቢያልፉም የወጣቶቹ ተቃውሞ አልበረደም። ዛሬ ሙአዊያ የአበባ ማሸጊያ ካርቶን ጭኖ በጠዋት ወደ ተፍኪ ከወጣ በኋላ መንገዱ ተዘጋ የሚል ወሬ መጣ፤ ወዲያው የሞባይል ኔትወርክ ከነኢንተርኔቱ ጠፋ። የቢሮው ኮምፒውተር በመደበኛ የስልክ መስመር ስለሚሠራ ካርታው ይከፈታል። ችግሩ መኪኖቹ ላይ የተገጠመው መሣሪያ ነው። መሣሪያው ያለበትን ቦታ ከሳተላይት ያገኛል፤ ለቢሮው የሚልከው ግን በሲም ካርድ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ኮምፒውተሩ አላውቅም አይልም። መጨረሻ የደረሰውን ቦታ ይዞ፣ ያችኑ አረንጓዴ ቀስት እዚያው አቁሞ ዝም ይላል። ሙአዊያ የትም ይሁን የት፣ መኪናው ውስጥ ፊት ለፊቱ ያለችው ትንሽ ስክሪን የት እንዳለ ታውቃለች። የማያውቀው ቢሮው ነው።

ራዲያ ይህን ከጠዋት ጀምሮ ታውቃለች። ስልኩን በሞከረች ቁጥር የምትመልስላት ያቺ ድምጿ የተቀዳው ሴት ናት። ማልቀስ ነበረባት፤ አልመጣላትም። መፍራትም ነበረባት፤ እሱም አልመጣም። ጥርስ ሊነቀል መርፌ እንደተወጋ ድድ ደረቷ ደንዝዟል።

ከሰዓት በኋላ አባቷ እንደ ሌላው ነጋዴ ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። የፕላስቲክ ወንበር ስበው ተቀመጡና መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ከቀስቷ ሥር፣ እስከ ዛሬ ልብ ብለው በማያውቁት ደቃቅ ቁጥር፣ 9:02 ይላል።

"ዘጠኝ ከሁለት" አሉ። ቀና ብለው የግድግዳውን ሰዓት አዩ። ዘጠኝ ከአምስት ነበር። "አልሐምዱሊላህ። አሁን እኮ ነው።"

መሣሪያው የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። እዚያ ላይ ዘጠኝ ማለት ጠዋት ሦስት ሰዓት ማለት ነው፤ ሙአዊያ ገና ተፍኪ የገባበት። ራዲያ ይህንኑ ልትናገር አፏን ከፈተች። የአባቷ ትከሻ ዘና ሲል አየችና መልሳ ዘጋችው። ትንሽ ይረፉ አለች በሆዷ።

"ምሳ እየበላ ይሆናላ?"

"ይሆናል አባ።"

"ስልኩን ለምን አያነሳም?"

"ኔትወርክ የለም።"

"ይኼ ግን ይሠራል" አሉ ስክሪኑን በጣታቸው ነካ አድርገው። "ከስልክ ይኼ ይሻላል።"

የክፍሉ ኃላፊ ብዙነህ ግንባሩን እየጠረገ ገባ። ዕድሜውን ፋይናንስ ክፍል የኖረ ሰው ነው፤ ወደ ትራንስፖርት የተዛወረው በቅርቡ ነው። ከኋላው የሴቶች ጫጫታ ይሰማል። ተፍኪ የሚኖሩት ሠራተኞች ሰርቪሱ ላይ ወጥተው፣ ልጆቻችን ጋ አድርሱን እያሉ ነው።

"እንዴት ዋሉ ጋሽ ሀሰኖ? ልጁ የት ደረሰ?"

"ተፍኪ ቆሟል። ይኸው፣ ዘጠኝ ከሁለት ላይ።"

ብዙነህ ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን አየ፤ ፊቱ በራ። "ታዲያ መንገዱ ሰላም ነዋ። ራዲያ፣ ፈቀደ ሰርቪሱን ይዞ ይውጣ በይው።"

ሰርቪሱ ራዲያ መንገዱ ሰላም ነው ሳትል ከግቢ አይወጣም፤ የእርሻው ደንብ ነው። በመስኮቱ ስታይ ሹፌሩ ፈቀደ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ በመኪናው ግንባር ላይ እያሰረ ነበር። መንገድ የሚዘጉትን ወጣቶች ከእናንተው ነኝ ለማለት ሹፌሮች ሰሞኑን የጀመሩት ዘዴ ነው። ሲጨርስ ወደ መስኮቱ መጣ።

"ራድዬ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር? ሴቶቹ ጆሮዬን ሊበጥሱት ነው።"

"የአንተ ስክሪን ምን ይላል?"

"ቀጥ ያለ መንገድ ነው የሚያሳየኝ። በግማሽ ሰዓት ትደርሳለህ ይላል። እሱማ ምን አለበት፣ ጎማ ሲቃጠል አያይ።"

ራዲያ አባቷን አየች። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር፤ የሚቸኩሉበት ነገር ያለ አይመስልም። ዝም ብትል ይህ ፊት እንዳለ ይቆያል። አውቶቡሱም ይወጣል።

"ጋሽ ብዙነህ፣ ይቺ ቀስት የጠዋት ናት።"

"ምን?"

"ሰዓቷ የፈረንጅ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ወዲህ ከሙአዊያ መኪና ምንም አልደረሰንም።" የሌላ ሰው ጉዳይ የምታስረዳ ይመስል ድምጿ አልተለወጠም። ወደ መስኮቱ ዞረች። "ፈቀደ፣ አትውጣ። መንገዱ ይከፈት ይዘጋ አላውቅም።"

ፈቀደ ሄዶ ሞተሩን አጠፋ። ሴቶቹ መጀመሪያ ተቆጡ፤ ከዚያ አንድ በአንድ መውረድ ጀመሩ።

"ታዲያ እስካሁን ምን ትጠብቂያለሽ?" አለ ብዙነህ። ወዲያው ሴቶቹን ሊያነጋግር ወጣ።

ሀሰኖ መነጽራቸውን መልሰው አድርገው ቁጥሩን ሲያዩ ቆዩ። ከሦስት እስከ ዘጠኝ ያለውን ሰዓት በጣታቸው ቆጠሩ።

"አሁን የት ነው?"

"አላውቅም አባ።"

"ቅድም ስጠይቅሽ ይሆናል አልሽኝ።"

"እንዲያርፉ ብዬ ነው።"

"አርፌ ነበር" አሉ። ቁጣ የለባቸውም። "ደህና አድርጌ አርፌ ነበር።"

ተነሥተው ወጡ። ራዲያም ቢሮውን እንዳለ ትታ ተከተለቻቸው። እግሯ መራመዱን ታያለች እንጂ አይሰማትም።

ከሰበታ መውጫ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ከተፍኪ በኩል ሰዎች በእግራቸው ይመጣሉ። ሀሰኖ ዳር ላይ ቆመው እያንዳንዱን ፊት ያያሉ፤ ማንንም ግን አይጠይቁም። ራዲያ አንዲት ጫማቸውን በእጃቸው የያዙ እናት ጋ ቀረበች።

"ሀርሜ፣ ኤሳ ዱፍተን?" ስትል በኦሮምኛ ከየት እንደመጡ ጠየቀቻቸው።

"ተፍኪ" አሉ ሴትየዋ። ቆሙና ላባቸውን ጠረጉ።

ቀጣዩን ጥያቄ ብቻዋን ጠይቃ፣ መልሱን አለዝባ ለአባቷ መንገር ትችል ነበር። ተመልሳ እጃቸውን ያዘችና እስከ ሴትየዋ ድረስ አመጣቻቸው። ስለ ወንድሟ ነጭ አይሱዙ የጠየቀችው አባቷና ሴትየዋ ጎን ለጎን ከቆሙ በኋላ ነው።