እልፍነሽ ባሕሩን ስትከራከር

ባለፈው ዓመት አዛናው እንግሊዝ አገር ሦስት ሳምንት ሰንብቶ ሲመለስ፣ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም የሚመላለሰው ሚኒባሱ ከሰው ይልቅ ወሬ ይጭን ጀመር። ልጁ ሕሊና በነርስነት የምትሠራው ፔይንተን በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። ቶርኪና ብሪክስሃም የሚባሉ ጎረቤቶች አሏት፤ ሦስቱም በአንድ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ተደርድረዋል። አዛናው መሪውን እንደያዘ ማንኩሳ ሳይደርስ ማዕበሉን ከቤተ ክርስቲያን ጉልላት በላይ ያደርሰዋል፤ የባሕሩን አሞራ ጎረምሳ አስነሥቶ ያበርረዋል።

ዘንድሮ ሕሊና የመውለጃዋ ቀን ቀረበ። እናቷ እልፍነሽ ሄዳ እንድታርሳት ቪዛውም ቲኬቱም አለቀ። ጉዞው አራት ቀን ሲቀረው ግን እልፍነሽ እህል መደብሯ ውስጥ፣ የጤፍ ጆንያ ላይ እንደተቀመጠች፣ «አልሄድም» አለች።

«ምነው?» አለ አዛናው።

«አራስ ላርስ እንጂ ለአሞራ ልሰጥ ነው? ያን ማዕበል የነገርኸኝ አንተው ነህ!»

አዛናውን ላብ አጠመቀው። ልጁ በሰው አገር ያለ እናት ልትወልድ ነው፤ እናቷን ያስፈራባት ደግሞ የገዛ ምላሱ። በዕድሜው ጨምሮ እንጂ ቀንሶ አያውቅም፤ ጉንፋን ሲይዘው እንኳ ሦስት ሐኪም ተስፋ ቆርጦበት ነው የሚድን።

«ማዕበሉ እንግዲህ… ትንሽ ዝቅ ይላል» አለ፣ ጥርሱን እንደሚነቅሉት ሁሉ ፊቱን አጨማዶ።

የእልፍነሽ ዓይን በራ። በቡሬ ገበያ ሃያ ዓመት በቆሎና በርበሬ ተከራክራለች።

«ስንት ያህል?»

«የቤት ጣራ።»

«ቀንስ።»

«በሩን ያክላል።»

«አዛናው!»

«ጉልበት! እስከ ጉልበቴ ነው። እሱም ባሕሩ ያኮረፈ ቀን።»

የጎን ነጋዴዋ ባንቺአየሁ ሚዛኗን ትታ ብቅ አለች። «ጋሽ አዛናው፣ አሞራውስ?»

«ዶሮ ያክላል።»

«ጎረምሳ አንሥቶ የሄደው?»

«ድንች ጥብስ ነው ያነሣው፤ ከእጄ። ብሪክስሃም ወደብ ላይ የጥንት መርከብ አምሳያ ቆሟል፤ እሱን አፌን ከፍቼ ሳይ መነተፈኝ።»

ገዢው ሁሉ ሳቀ። አዛናውም ሳይወድ በግዱ ሳቀና ያየው ነገር ወለል ብሎ ይታየው ጀመር።

«ባሕር የሚያሻግር ድልድይ አለ ያልኸውስ?» አለች እልፍነሽ።

«ፔይንተን ነው ያለ። ጥቂት ባሕሩ ውስጥ ገባ ብሎ ያበቃል፤ የትም አያደርስም። ሰው እስከ ጫፉ ሄዶ፣ ውሃውን አይቶ ይመለሳል።»

«ታዲያ ለምን ሠሩት?»

«ለደስታ ነዋ! ሦስቱ ከተሞች ከዚህ እስከ ፍኖተ ሰላም ያለውን መንገድ እንኳ አይሞሉም፤ ፉክክራቸው ግን ለጉድ ነው። ቶርኪ በዘንባባዋ፣ ፔይንተን በቀይ አሸዋዋና በከሰል ባቡሯ፣ ብሪክስሃም በዓሣዋ ይኮራሉ። ደግሞ ባሕሩ ይሄዳል።»

«ወዴት?»

«እኔ ምን አውቄ! በቀን ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ይሄዳል። ጀልባዎቹ ጭቃ ላይ በሆዳቸው ተኝተው ይቀራሉ። ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ያነሣቸዋል።»

ባንቺአየሁ አማተበች። «ኧረ ጋሽ አዛናው፣ ይሄንስ ሙሴም አንድ ጊዜ ነው ያደረገው!»

«ቀንስ» አለች እልፍነሽ።

«አልቀንስም።»

«አንድ ጊዜ በለው።»

«ሁለት ነው።»

«እሺ፣ ትንሽ ሸሸት ይላል በል።»

«ይሄዳል አልሁሽ! እሱ በነበረበት አሸዋ ላይ ጫማዬን አውልቄ ተራምጃለሁ። ቁርጡ ይኸው ነው፤ የወደደ ይውሰድ!»

እልፍነሽ ትክ ብላ አየችው። ተጋብተው እስከ ዛሬ ያልቀነሰላት ነገር የለም፤ ቁርጥ ሲል ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነው። እህሉን የሚያውቅ ሻጭ እንዲህ ዓይኑን ሳይሰብር ሲቆም ብዙ ጊዜ አይታለች፤ ከእንዲህ ያለው ገዝታም ተጸጽታ አታውቅም።

ተነሥታ ከቀሚሷ ላይ ጤፉን አራገፈች።

«ባንቺአየሁ፣ ቁልፉን ያዥልኝ። ባሕር ተነሥቶ ሲሄድ ሳላይማ አልቀርም!» አለችና ወደ ባሏ ዞረች። «አንተ ደግሞ ምን ትገተራለህ? ወፍጮ ቤቱ ሳይዘጋ ሚኒባሱን አስነሣ፤ ለልጄ የገንፎ ገብስ ማስፈጨት አለብኝ።»

አዛናው ገብሱን ተሸክሞ ሮጠ። እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ጥሩምባውን እየነፋ ሲነዳ ያየ የቡሬ ሰው፣ ሙሽራ የጫነ መስሎት እልል አለ።